ቪዛ የተከለከልኩት እኔ፤ ከሳሹ ግን ማን ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። እሱ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው፤ አሁን የአሜሪካ ዜጋ ነው። ያስገባልኝ ፔቲሽን፣ ማለትም የማስመጫ ማመልከቻ፣ ጸድቆ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለኢንተርቪው ቀረብኩ። ጥቂት ጠይቀውኝ አንድ ወረቀት ሰጥተው መለሱኝ። አሁን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ‹ኤምባሲውን በፍርድ ቤት እንከሳለን፤ የአንቺ ስም ይበቃል› ብሎ 180 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን በቅድሚያ ይፈልጋል። አባቴ የእርሻ በሬዎቹን ሊሸጥልኝ ነው። እኔ መክሰስ እችላለሁ? ወይስ የሚከሰው ባለቤቴ ነው?»

እህቴ፣ አባትሽ በሬዎቹን እንዳይሸጡ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት፣ የደብረ ብርሃኑም ሆነ የልደታው፣ የአሜሪካን ቆንስል «ለእገሊት ቪዛ ስጥ» ብሎ ሊያዝ አይችልም። ማን ወደ አገሩ ይግባ፣ ማን አይግባ ብሎ መወሰን የአንድ መንግሥት የራሱ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራው በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይጠየቅም። ስለዚህ ሰውየው «አዲስ አበባ ላይ እንከሳለን» ካለሽ የሚከፈት መዝገብ የለም። «አሜሪካ ላይ እንከሳለን» ካለሽ ደግሞ፣ እዚያ ችሎት ቆሞ የሚከራከረው እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም ራሱ ባለጉዳዩ ነው። እኔ በጥብቅና ብዙ ዓመት ብሠራም እዚያ ልቆምልሽ አልችልም። እሱም አይችልም።

«የአንቺ ስም ይበቃል» ያለሽ ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው።

ማንም ሰው ስለተከፋ ብቻ ከሳሽ አይሆንም። የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የ1958ቱ፣ በአንቀጽ 33 ላይ ይህንኑ ይላል፤ በሚከሰስበት ነገር ላይ ጥቅም ወይም መብት የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም። ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ገብስሽን የጎረቤት በሬ ቢበላው፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ካሳ የሚጠይቀው ባለ ገብሱ ነው። አጎትሽ ሊናደዱልሽ ይችላሉ። ምስክር ሊሆኑልሽም ይችላሉ። ከሳሽ ግን አይሆኑም። «ካለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ» ይባል የለ።

የቪዛ ጉዳይ ላይ ችግሩ ባለ ገብሱ ማን እንደሆነ በቀላሉ አለመታየቱ ነው። ኢንተርቪው የገባሽው አንቺ ነሽ። ወረቀቱን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። ሻንጣ አዘጋጅተሽ፣ ዘመድ ተሰናብተሽ የተመለስሽውም አንቺ ነሽ። በአሜሪካ ሕግ ዓይን ግን የፔቲሽኑ ባለቤት ባልሽ ነው። አይ-130 በሚባለው ፎርም ላይ «ፔቲሽነር» የተባለው እሱ ነው። አንቺ «ቤኔፊሺያሪ» ነሽ፤ ማለትም እሱ ባቀረበው ማመልከቻ የምትጠቀሚ ሰው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ከመንዝ ወደ ቢሮዬ መጡ። ብርዱ ስለከበዳቸው በርኖሳቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ከውስጥ አንድ ፌስታል አወጡ፤ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል ነበር፣ በዚያ ውስጥ ሦስት ገጽ ወረቀት። አማቻቸው በስልክ የላከው ፎቶ ታትሞ ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት የጻፈው ደብዳቤ ነበር። «የጸደቀውን ፔቲሽን ልንሰርዝ ነው፤ የምትለው ካለ በ30 ቀን ውስጥ መልስ» ይላል። የልጃቸው ስም ከላይ በኩል ስላለ፣ ቤተሰቡ መላሿ እሷ ናት ብሎ ወሰነ። እሷ መልስ ጻፈች፤ ለኤምባሲው ላከች። አማቻቸው ደግሞ «እሷ መልሳለች» ብሎ ተቀመጠ። ደብዳቤው ግን የተጻፈው ለእሱ ነበር። መልስ መስጠት የሚችለውም፣ ቢሰረዝ ይግባኝ ማለት የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር። ወረቀቱ እጄ ሲገባ ቀኑ አልፏል። አባትየው ጣታቸውን የልጃቸው ስም ላይ አድርገው «ይኸው ስሟ እኮ አለ» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ስም መኖር አንድ ነገር ነው፤ የጉዳዩ ባለቤት መሆን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ ፍርድ ቤቶች ልውሰድሽ። እዚያ ከሳሽ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሉሃን በተባለው ጉዳይ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ጉዳቱ የራስሽና የተጨበጠ መሆን አለበት። የመጣው ከምትከሺው አካል ድርጊት መሆን አለበት። ፍርድ ቤቱ ቢፈርድልሽ ደግሞ ጉዳቱ የሚቃና መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዳኛው ወደ ዋናው ነገር ሳይገባ መዝገቡን ይዘጋል። ይህ ለትልልቆቹም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቴክሳስና ሉዊዚያና የፌዴራሉን መንግሥት ከሰው ነበር። የተከሰሰው የትኞቹን ስደተኞች አስቀድሞ እንደሚይዝ የሚናገር መመሪያ ነው። ወጪ በዛብን አሉ። ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ከሳሽ መሆን እንደማይችሉ ነግሮ መለሳቸው።

የቤተሰብ ጉዳይ ከዚህ ይሻላል። የተወሰኑ አገሮች ሰዎች እንዳይገቡ የከለከለው የፕሬዚዳንት ትራምፕ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ከከሳሾቹ መካከል ዘመዶቻቸው የተከለከሉባቸው ሰዎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ከዘመድ ጋር የመገናኘት ፍላጎት የተጨበጠ ጥቅም መሆኑን ተቀብሎ ከሳሽነታቸውን አጸደቀ። ይህን ልብ በይ፤ ለባልሽ ይጠቅማልና። ይህን ግን ደግሞ አስታውሺ፤ እነዚያ ሰዎች በዋናው ክርክር 5 ለ 4 ተረቱ።

ለምን መሰለሽ? የቪዛ ጉዳይ ሁለት ቁልፍ አለው። የመጀመሪያው «አንተ ማነህ? ምን አገባህ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ቁልፍ «ይህ ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚታይ ነው ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የከፈተ ሰው ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ጉዳይ አስፈጻሚዎች የሚደብቁት፣ ወይም ጭራሽ የማያውቁት፣ ይህን ሁለተኛውን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የቆየ ደንብ አለ። ውጭ አገር ያለ ቆንስል ቪዛ ከከለከለ፣ ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ አይከልስም። ውጭ ያለ የውጭ ዜጋ ወደ አሜሪካ የመግባት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም ይላሉ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለሽው አንቺ በራስሽ ስም ክልከላውን ብትከሺ፣ በሩ ገና ከመንኳኳቱ ይዘጋል። የሰውየው «ስምሽ ይበቃል» ፈጽሞ የተገለበጠ ነው።

ይህ ደንብ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ እሷም የአሜሪካ ዜጎች መብት ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 ኧርነስት ማንደል የተባሉ ቤልጂየማዊ ማርክሲስት ምሁር ቪዛ ተከለከሉ። የጋበዟቸው አሜሪካውያን መምህራን «እሳቸውን የመስማት መብታችን ተነካ» ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 መምህራኑን ሰማቸው፤ ግን መንግሥት ላይ ላዩን ሲታይ ሕጋዊና ቅን የሆነ ምክንያት ከሰጠ ከዚያ አልፈን አንቆፍርም አለ። ከዚያ ወዲህ ባሎችና ሚስቶች ይህችን ቀዳዳ ለማስፋት ብዙ ታገሉ። «ትዳሬ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው፤ ባሌን ስትከለክሉ እኔን ነካችሁ» የሚል ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሏ አፍጋኒስታን የቀረባት አንዲት ዜጋ ይህንኑ ይዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳ ነበር። ተረታች፤ ዳኞቹ ግን በምክንያቱ ስላልተስማሙ ጥያቄው ሳይቋጭ ቀረ።

የቋጨው የሙኞዝ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ሙኞዝ አሜሪካዊት ናቸው፤ ራሳቸው ጠበቃ ናቸው። ባላቸው የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ሳን ሳልቫዶር ያለው ቆንስላ ሰውነቱ ላይ ንቅሳት ያለውን ይህን ሰው የወንበዴ ቡድን አባል ነው ብሎ ጠርጥሮ ቪዛ ከለከለው። ባልየው አይደለሁም አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። አንድ ዜጋ የውጭ አገር ሰው የሆነ የትዳር ጓደኛው ወደ አሜሪካ እንዲገባለት የመጠየቅ መሠረታዊ መብት የለውም አለ። ሦስት ዳኞች ተቃወሙ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ፍርድ ልቤ አይቀበለውም። ሰው ማግባት ትችላለህ፣ አብረህ የመኖሩን ነገር ግን አትጠይቀን ማለት ምን ማለት ነው? ሆኖም ሕጉ አሁን ይህ ነው። ባልሽም ቢሆን «ክልከላው ስህተት ነው» ብሎ ብቻ ቢከስ የሚረታበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ይህን ሳይነግርሽ ገንዘብ የሚቀበልሽን ሰው አትመኚው፤ አሜሪካ ያለ ጠበቃም ቢሆን።

ታዲያ ሁሉም በር ዝግ ነው? አይደለም። እስኪ ያን ወረቀት አውጪና ተመልከቺው። ወሳኙ እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ 221 (ጂ) የሚል ቁጥር ከታየሽ ወይም ምልክት ከተደረገበት፣ ትርጉሙ «አሁን ባለሽ ማስረጃ ልንሰጥሽ አልቻልንም» ነው። የጎደለ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ማጣራትም ሊሆን ይችላል። ከተከለከልሽበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ማስረጃ ካቀረብሽ አዲስ ክፍያ ሳይጠየቅ ጉዳይሽ እንደገና ይታያል። ይህ የአንቺ በር ነው፤ ክስም አይፈልግም። ያ ዓመት ዝም ብሎ ካለፈ ግን ጉዳዩ ወደ መዘጋት ይሄዳል።

በእኛ አካባቢ ጉዳይ የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ቀን ነው። አንድ ፋይል ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰርጉ ጥር 21 ቀን 2014 ነበር፤ የአስተርዮ ማርያም ዕለት። ተርጓሚው ወሩን ብቻ ቀይሮ ጃንዋሪ 21 ቀን 2022 ብሎ ጻፈው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 29 ነው። ባልየው ደግሞ አገር ቤት የገባው ጃንዋሪ 24 እንደሆነ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም አለ። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው የሚያየው ሙሽራው በሌለበት የተደገሰ ሰርግ ነው። ስምንት ቀን ናት ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው። የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን፣ ትርጉሙንና የባልሽን ፓስፖርት ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ቀኖቹን አመሳክሪ። የአያት ስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ፔቲሽኑ ወደ አሜሪካ እንደሚመለስ የሚናገር ከሆነ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ባልሽ ዞሯል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ቆንስሉ ጋብቻውን ሲጠራጠር ነው። የመንዙ አባት ይዘውት የመጡት ዓይነት ደብዳቤ ለባልሽ ይደርሰዋል። መላሹ እሱ ነው። ፔቲሽኑ ከተሰረዘ ማስታወቂያው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ይግባኝ ማለት ይችላል። 15 ቀን ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሰው ቤት ቀይሮ ፖስታው በድሮ አድራሻው ከሄደ ያልቃል። ስለዚህ አድራሻው በፋይሉ ላይ ትክክል መሆኑን ዛሬ ያጣራ።

ቦርዱም ካልተቀበለው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ወይ? እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቡዋርፋ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ወሰነ። አንድ ጊዜ ጸድቆ የነበረ ፔቲሽን መሰረዙ ለመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የተተወ ነው፤ ፍርድ ቤት አይገባበትም አለ። ከሳሿ ለባሏ ፔቲሽን ያስገባች ዜጋ ነበረች። የጉዳቷ ባለቤት መሆኗን የካደ የለም፤ የያዛት ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ መውጫውን ጠቁሟል። አዲስ ፔቲሽን ማስገባት የሚከለክላት የለም፤ እሱ ከተከለከለ ደግሞ ያ ክልከላ በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የተሰረዘበት ሰው አንዳንዴ የተሻለው መንገድ ከሥር ጀምሮ ጠንካራ ፋይል መሥራት ነው። ጋብቻው እውነተኛ ከሆነ ማለቴ ነው። የሐሰት ጋብቻ ተብሎ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው በኋላ ሌላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርትም ፔቲሽን አይጸድቅለትም። ጉዳይ አስፈጻሚው «ፎቶ እናዘጋጃለን፣ ደብዳቤ እናጽፋለን» ካለሽ ከቢሮው ወጥተሽ ሂጂ።

ሦስተኛው መልክ መዘግየት ነው። ሰነዱን አስገብተሽ ወራት፣ ከዚያም ዓመት አልፎ መልስ ቢጠፋ ክሱ «ለምን ከለከላችሁ» አይደለም፤ «እሺም ሆነ እምቢ ንገሩን» የሚል ነው። የአሜሪካው የ1946 የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሥሪያ ቤት ያለ አግባብ ያዘገየውን ጉዳይ እንዲወስን ማስገደድን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የባልሽ ከሳሽነት ጠንካራ ነው፤ ያቀረበው ፔቲሽን፣ የከፈለው ገንዘብ፣ የተለየው ቤተሰብ የራሱ ነው። ብዙ ጠበቆች የሁለታችሁንም ስም ያስገባሉ፤ ክሱን የሚሸከመው ግን የእሱ ስም ነው። የመዝገብ መክፈቻው 405 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ክፍያ ለብቻው ነው። በ221 (ጂ) ላይ የቆመ ጉዳይ «ውሳኔ አግኝቷል» ወይስ «ገና ነው» በሚለው ላይ ዳኞች ተከፋፍለዋል። ስለዚህ የት ፍርድ ቤት እንደሚከሰስ የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ያለ ክፍያ የሚሞከር ነገር አለ። ባልሽ የሚኖርበትን አካባቢ የሚወክለው የምክር ቤት አባል ቢሮ ሄዶ ፈርሞ ጉዳዩ እንዲጠየቅለት ማድረግ ይችላል። ቪዛ አያሰጥም፤ ፋይሉ የት እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ ያሳውቃል።

ካናዳ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ተነስታችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። እዚያ ውጭ አገር ያለው አመልካች ራሱ ከሳሽ መሆን ይችላል። ከካናዳ ውጭ የተሰጠ ውሳኔ ሲሆን በ60 ቀን ውስጥ፣ እዚያው ካናዳ ውስጥ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ ፍርድ ቤት የክለሳ ፈቃድ ይጠየቃል። የቤተሰብ ስፖንሰርሺፕ ከተከለከለ ግን ይግባኙ እንደ አሜሪካው የስፖንሰሩ ነው። ካናዳ ማኅበራትንም ትሰማለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በስደተኞች ስም ያቀረበውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም፤ ስደተኞቹ ራሳቸው መክሰስ ይችላሉ ብሎ። በ2023 ከአሜሪካ ጋር ያለውን የስደተኞች ስምምነት የሚቃወመው ክስ ሲታይ ግን ማኅበራቱ ከተጎጂዎች ጎን ቆመው ተከራክረዋል። ከተጎጂዎቹ አንዷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

የአገራችንን መሥሪያ ቤት በተመለከተ ግን አንቺው ሙሉ ባለቤት ነሽ። ፓስፖርት ብትከለከዪ ወይም ከአገር እንዳትወጪ ብትታገጂ ባልሽን መጠበቅ አያሻሽም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ከአገር የመውጣት መብት አለሽ፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይሽን ለፍርድ ቤት የማቅረብ። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከለስበትን መንገድ ከፍቷል። መጀመሪያ ግን እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ። ቅሬታውን የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂም አስቀሪ፤ ያለ እሱ «መች ጠየቀችን» ይሉሻል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የምታደርጊው ይህ ነው። ወረቀቱን ከፊትና ከጀርባ በጠራ ብርሃን ፎቶ አንሺው። ለባልሽ ላኪለት። የተሰጠበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፊና አንድ ዓመቱ መቼ እንደሚሞላ ከጎኑ አስፍሪ። ባልሽ ከዚያው ኤምባሲም ሆነ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የደረሰው ኢሜይልና ፖስታ ካለ ሁሉንም ያገላብጥ፤ ስፓም የሚባለው ውስጥ የገባውንም ጭምር። ጉዳይ አስፈጻሚውን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ «ከሳሹ ማን ነው የሚባለው፣ በየትኛው ፍርድ ቤት?» መልሱን በጽሑፍ ይስጥሽ። ካልጻፈልሽ፣ ገንዘቡም በሬዎቹም ቤታቸው ይቆዩ።